ሁለት ቀን ለሁለት ሰው



የዚህ ወር ጽሑፋችን መነሻ አንድ የድሬዳዋ ወንድማችን የላከልን ደብዳቤ ነው። ወንድማችን ሳይሸፋፍን ነው የጻፈው። ኒካሕ ካሰረ የፊታችን ታኅሣሥ 11 ቀን ድፍን 10 ዓመት ይሞላዋል። ሦስት ልጆች አሉት። እርሱም ባለቤቱም ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። የጅቡቲ ባቡር ሲመጣና ሲሄድ እያዩ ቢያድጉም ባሕርን ግን ሁለቱም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። እናም 10ኛ ዓመታቸውን ምክንያት አድርጎ ባለቤቱን ጅቡቲ ሊወስዳትና ባሕር ዳር ሁለት ቀን አብረው ሊያሳልፉ አሰበ።

ሐሳቡን ገና ከአፉ ሲያወጣው ከሦስት አቅጣጫ መልስ መጣበት። ጓደኛው «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ሙስሊም ሁለት ዒድ እንጂ ሦስተኛ በዓል የለውም» አለው። እናቱ «ልጆች ጥሎ መንሸራሸር ከየት የመጣ ነው?» አሉት። ባለቤቱ ደግሞ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «በዚህ ገንዘብ ማቀዝቀዣ ብንገዛ አይሻልም?» አለችው። ወንድማችን ደብዳቤውን የዘጋው «ከሦስቱ ትክክል የቱ ነው?» በሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ሦስቱም ሰዎች የያዙት ቁም ነገር አለ። ሆኖም ሦስቱም የተናገሩት ስለ በዓሉ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡ ነው። ስለ ሁለቱ ሰዎች፣ ማለትም ስለ ባልና ሚስቱ የተናገረ የለም። እኛ ከዚያ እንጀምር።

የበዓል ቀን ወይስ የዕረፍት ቀን?

በቅድሚያ የጓደኛውን ቃል እንመልከት። የጋብቻን ቀን በየዓመቱ ስለማሰብ ዑለማዎች አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም። በዓል አድርጎ መያዙን የሚከለክሉ አሉ፤ ዒባዳ ሳይሆን የኑሮ ልማድ ነው፣ በውስጡ ሐራም ካልገባበት ችግር የለውም የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር እዚህ አንፈታውም። ወንድማችን ግን ከክርክሩ ለመውጣት የሚያስችለው ቀላል መንገድ አለው፤ ቀኑን በዓል አለማድረግ። ኬክ፣ ሻማ፣ የተጠራ እንግዳ የሌለበት፣ ባልና ሚስት ከሥራ አርፈው ሁለት ቀን አብረው የሚውሉበት ጉዞ ከዒድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሦስት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። የሒጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ይህ ልዩነት በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 109 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ወንድማችን ኒካሑን በሒጅራ ቢቆጥረው ኖሮ 10 ዓመቱ የሚሞላው ታኅሣሥ ላይ ሳይሆን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ማለትም አልፏል። እንግዲህ ቀኑ ራሱ እንደ ቆጣሪው የሚለዋወጥ ከሆነ «ቀኑ ካለፈ አይሆንም» ብሎ መጨነቅ ምን ያደርጋል? ሁለቱ ሰዎች የሚመቻቸውን ቀን ይምረጡ።

መንገድ ላይ የተገኘ ፍቅር

ባለቤትን ይዞ መንገድ መውጣት፣ በመንገድም ላይ መጫወትና ማውጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ ሲያስቡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ አውጥተው ዕጣ የወጣላትን ይዘው ይሄዱ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ሌሊት ሲጓዙም ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጎን ሆነው እያወጉ ይሄዱ ነበር። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በጉዞ ላይ ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። መጀመሪያ ዓኢሻ ቀደመች፤ ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲሽቀዳደሙ ነቢዩ ቀደሟት፤ ይቺ በዚያችኛዋ ተካካሰች ብለውም አጫወቷት። የመጀመሪያውን ሽንፈት አልረሱትም ማለት ነው! ትዝታ ያለው ጨዋታ ይሏል ይህ ነው።

የዓኢሻ የአንገት ጌጥ የጠፋበትን ጉዞም እናስታውስ። ጌጡን ለመፈለግ ሲባል ሠራዊቱ በሙሉ ውኃ በሌለበት ስፍራ ቆመ። ሰዎች ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ስሞታ አቀረቡ፤ አቡበክርም ልጃቸውን ገሠጹ። ነቢዩ ግን ራሳቸውን በባለቤታቸው ጭን ላይ አድርገው ተኝተው ነበር። በዚያ ምክንያት የተየሙም አንቀጽ ወረደ፤ ጌጡም ከግመሉ ሥር ተገኘ። የአንዲት ሴት የአንገት ጌጥ ሠራዊት ማቆሙን አስተውሉ። ዛሬ ግን ባለቤቱ ጫማዋን እስክታስር መጠበቅ የሚያናድደው ስንት ወንድም አለ!

ቁርኣን በሱረቱ-ር-ሩም 21ኛ አንቀጽ ላይ የትዳርን ዓላማ ሲናገር የሚያነሣው አንዱ ለሌላው መርጊያ መሆኑን፣ በመካከላቸውም ፍቅርና ርኅራኄ መደረጉን ነው። መርጋት ለሚለው የገባው የዐረብኛ ቃል «መስከን» ከሚለው ማለትም ከመኖሪያ ቤት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰው አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ የማይረጋበት ጊዜ ግን አለ። እኔ መምህር ነኝ፤ ይህን የማየው ከልጆች ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «ማታ ማታ ቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት አስጽፌአቸው ነበር። አንዲት ልጅ አባትና እናቷ የሚነጋገሩት ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዘይት ብቻ መሆኑን ጽፋ፣ እኛ ባንኖር ኖሮ ምን ይነጋገሩ ይሆን ብላ ጠየቀች። ልጅቱ ስሕተት ፍለጋ አልጻፈችውም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። እኔም ለሰዋስው ከማርም በቀር መልስ አልነበረኝም።

10 ዓመት ማለት ይህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚመጣበት ዕድሜ ነው። መጣላት የለም፤ ድብደባ የለም፤ ቤቱም ሰላም ነው። ግን ጨዋታው ደርቋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ካልተነጋገሩ ደግሞ ትዳሩ ሳይፈርስ ባዶ ይቀራል።

ስለ ማቀዝቀዣው

አሁን ወደ ባለቤቱ ቃል እንምጣ። ወንድሜ፣ ባለቤትህ ማቀዝቀዣ ስትል ውለታህን የናቀች አይምሰልህ። በድሬዳዋ ሙቀት ሦስት ልጅ ለምታበላ እናት ማቀዝቀዣ ቅንጦት አይደለም። ሌሊት የተረፈው ምግብ ጠዋት ይበላሻል፤ ወተት አያድርም፤ ስለዚህ በየቀኑ ገበያ ትወጣለች፣ በየቀኑ እሳት ዳር ትቆማለች። ስለ ማቀዝቀዣ ስታነሣ የምትናገረው ስለ ድካሟ ነው። አንተ ዕረፍት ልትሰጣት አሰብህ፤ እርሷም በራሷ መንገድ ዕረፍት ጠየቀች። ሐሳባችሁ አንድ ነው።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ሁለታችሁ ተቀመጡና የሁለቱንም ወጪ በወረቀት ላይ ጻፉ። ለሁለቱም የሚበቃ ካለ አልሐምዱሊላህ። ለአንዱ ብቻ ከበቃ ማቀዝቀዣው ይቅደም፤ ባሕሩ የትም አይሄድም። በብድር ግን ባሕር አይታይም፤ ሁለት ቀን ለመደሰት ሁለት ዓመት ዕዳ መክፈል ዕረፍት አይባልም።

ነገር ግን አስተውል፤ ማቀዝቀዣው ተገዛ ማለት ሁለቱ ቀናት ቀሩ ማለት አይደለም። ስጦታው ባሕሩ አይደለም፤ ሁለቱ ቀናት ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የሐረማያ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ውኃው ከሚተካው በላይ እየተቀዳ፣ ደለልም እየሞላው ነው የደረቀው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውኃ መልሶ ይዟል። አንድ ሌሊት ሐረር አድሮ፣ ጀጎልን በእግር ዞሮ፣ ሐረማያ ዳር ሻይ ጠጥቶ መመለስ ወጪው ጥቂት ነው። ከሐይቁም የሚማሩት አያጡም፤ እየተቀዳ ያልተተካለት ነገር ባሕርም ቢሆን ይደርቃል።

ስለ እናት

እናቱን በተመለከተ፣ «ልጆች ጥሎ» የሚለው ቃላቸው ትኩረት ይሻል። የእርሳቸው ዘመን እናቶች ልጅ ጥለው የሚሄዱት ለለቅሶ ወይም ለወሊድ ነበር፤ እነርሱን «አንቺስ ዕረፍት አያሻሽም ወይ?» ያላቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። ጉዳዩንም ለእርሳቸው ማቅረብ ያለበት ልጃቸው ነው፤ ምራቲቱ አይደለችም። እርሷ ከጠየቀች «ልጄን የምትወስድብኝ» ትሆናለች። እርሱ ግን ፊታቸው ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ያለ አንቺ ልጆቼን የማምነው የለኝም፤ ሁለት ሌሊት ብቻ ያዥልን» ቢላቸው ልባቸው ይራራል ብዬ አምናለሁ። የአስቤዛውን ወጪ ቀድሞ መስጠት፣ የሠፈር ሰው ወይም እኅት እንድታግዛቸው ማድረግ፣ ከጉዞ ሲመለሱም እጅን ባዶ አለማድረግ ተገቢ ነው። ለልጆቹም መዋሸት አያስፈልግም። ወላጆቻቸው አብረው መሆን ስለሚወዱ እንደሚሄዱ ቢነገራቸው ያለቅሱ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ የበለጠ የሚያረጋጋ ዜና ለልጅ የለም።

ስለ ጉዞው

ገንዘቡም ፈቃዱም ከተገኘ እነሆ ጥቂት ጠቃሚ ነጥቦች።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የቀድሞው ሐዲድ በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነና የመንገደኛ ባቡር የሚነሣበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ኮፒ ከሁሉ በፊት ይዘጋጁ። ማደሪያ ቤት ላይ ሲጠየቁ ከመሸማቀቅ ያድናል።

ወጪውን ስታሰሉ በብር አታስሉ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው። ብር ደግሞ በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አቅሙ በብዙ ቀንሷል። ማደሪያ ጅቡቲ ርካሽ አይደለም። አልጋውን ሳይዙ፣ ዋጋውንም ሳያውቁ መነሣት አይገባም።

ወቅቱ ታኅሣሥ መሆኑ መልካም ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሓ የሚመጣው ነፋስም ፊት ይለበልባል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ምሽቱም ነፋሻማ ነው። በሒጅራ ቆጥሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ባሕሩን ሳይሆን ጥላ ሲፈልግ ይመለሳል። የሳምንቱ ዕረፍት በዚያ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ደርሶ እሑድ ለሚመለስ ሰው ይህ ይስማማል። የጁሙዓ ሶላት እ.ኤ.አ. በ1906 በተሠራው በሐሙዲ መስጊድ ሰግዶ፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር መዋል ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ የዶራሌና የኮር አምባዶ ባሕር ዳርቻዎች አሉ። የአሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ወደ 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው፤ ዳርቻው በጨው የነጣ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ደርሶ መልስ ቀኑን የሚፈጅ መንገድ ስለሆነ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢተወው ይሻላል። ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ሰው አጠገቡ ያለችውን አያይም። ምግቡን ግን አትለፉት። የየመን ሰዎች ያስለመዱት፣ ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በምድጃ ጠብሰው በሰፊ ቂጣ የሚያቀርቡት አለ። ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላው ይጣፍጣል።

ሦስቱ የቀን ሌቦች

ጅቡቲ መሄድ ለእኛ ለምሥራቅ ሰዎች ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ያለ ጉዳይ መሄድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀናት የሚሰርቁ ሦስት ሌቦችን ከወዲሁ ማወቅ ያሻል።

የመጀመሪያው ዕቃ ነው። «ጅቡቲ ሊሄድ ነው» ተብሎ ከተሰማ ሽቶ የምታዝዝ አክስት፣ ሽርጥ የሚያዝ አጎት፣ ስልክ የሚያዝ ጎረቤት አይጠፋም። ሁለቱ ቀናት ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ያልቃሉ፤ ሲመለሱም ከኬላው ጋር ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ለቤት ጥቂት ስጦታ ካልሆነ በስተቀር የማንንም ትእዛዝ አትቀበሉ።

ሁለተኛው ጫት ነው። ከአወዳይና ከድሬዳዋ የሚጫነው ጫት በየቀኑ ቀትር ገደማ ጅቡቲ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል። ወንድሜ፣ እዚያ የምታውቀው ሰው አይጠፋም፤ «እንኳን መጣህ፣ በርጫ ና» ይልሃል። ባለቤቱን 300 ኪሎ ሜትር ወስዶ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ዘግቶባት እስከ መግሪብ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ከቤቱ አልወጣም። ቤት የምትጠብቅህን ሴት ሌላ አገር ወስደህ አስጠበቅሃት እንጂ ምን ሠራህ?

ሦስተኛው ማጀት ነው። ይህ ሌባ ሳይታወቅ ነው ተከትሎ የሚሄደው። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የቡታጋዝ ምድጃ፣ ድስት፣ በርበሬ ተጭኖ ከተሄደ እርሷ ያረፈችው ከምኑ ላይ ነው? ባሕር ዳር ሆና ሽንኩርት ትልጣለች ማለት ነው። ገንዘቡ ሁለት ቀን ውጭ ለመብላት የማይበቃ ከሆነ አንድ ቀን ይሁን። ልብስ ማጠብም፣ ሻንጣ ማዘጋጀትም በእነዚያ ቀናት የእርሱ ፈንታ ቢሆን አይጎዳውም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ መስክራለች።

አራተኛ ካስፈለገ ስልኩ አለ። የልጆቹን ድምፅ ለመስማት በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል።

ስለ ሶላትና ስለ ባሕሩ

በአካባቢያችን ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ስለሆነ በዚያው መሠረት አጠር አድርገን እናስታውስ። መንገዱ ሶላት ለማሳጠር ከተወሰነው ርቀት በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ከከተማው ሕንፃዎች ከወጡ በኋላ ዙሁር፣ ዐስርና ዒሻ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰገዳሉ፤ መግሪብና ሱብሒ እንዳሉ ናቸው። ዙሁርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርም ይቻላል። የደረሱበትና የሚመለሱበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ያልነየተ ሰው እዚያም እንደ ሙሳፊር ይሰግዳል። ከአካባቢው ኢማም ኋላ ከሰገደ ግን ሙሉውን አራት ይሰግዳል። የባሕር ውኃ ጨዋማ ቢሆንም ለውዱእ ንጹሕ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጠየቃቸው ባሕረኛ ነግረዋል።

ስለ መዋኘት ደግሞ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን አትርሱ። ባሕር እንደ ሐይቅ አይደለም፤ በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል። ውኃው ሸሽቶ ሳለ ርቆ የሄደ ሰው ሲሞላ መመለሻ ሊቸግረው ይችላል። መዋኘት የማያውቅ ሰው ከጉልበት አይለፍ፤ የባሕሩ ወለል ድንጋይና ዛጎል ስላለበት በባዶ እግር አይግባ። ሒጃቧን ጠብቃ እግሯን ውኃ ውስጥ መንከር የምትሻ እኅት ማለዳ ከሱብሒ በኋላ ብትወጣ ዳርቻው ሰው የማይበዛበት፣ ፀሐዩም ገና የማይበረታበት ሰዓት ነው።

ምን ይነጋገሩ?

ብዙ ባሎች የሚፈሩት ይህንን ነው። 10 ዓመት አብረው ኖረው ሁለቱ ብቻ ሲቀመጡ የሚያወሩት ያጡ እንደሆነስ? እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ይከብዳል። ዝምታም ይመጣል። አትደንግጡ፤ ባሕር ለዝምታ ይመቻል። ዝም ብሎ አብሮ ማዕበል ማየትም ጭውውት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሒሳብ አታወራርዱ። «ያን ጊዜ እናትህ እንዲህ ብላኝ»፣ «ያን ጊዜ ወንድምሽ ገንዘቤን» የሚለው ወሬ ለሌላ ቀን ይቆይ። ይልቁንስ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ኒካሑ የታሰረ ዕለት ምን አስፈርቶሽ ነበር? ከዚህ 10 ዓመት የትኛውን ቀን መልሰህ ብታገኘው ደስ ይልሃል? ሳልነግርህ የቀረሁት፣ ያንተን መልካምነት ያየሁበት ቀን አለ፤ ላጫውትህ? ልጆቹ አድገው ሲወጡ እኔና አንቺ በምን እንኖራለን? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ብዙ ባልና ሚስት ግን ሳይጠያየቋቸው ያረጃሉ።

በተለይ ባል ይስማ። ሚስት ስትናገር መፍትሔ ለመስጠት አይቸኩል። ሰልማን (ረ.ዐ.) ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ሚስቲቱ ራሷን ጥላ ቢያያት ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቃት፤ ባሏ ለዱንያ ግድ የሌለው መሆኑን ነገረችው። ሰልማንም አቡ ደርዳእን ቤተሰብህም ባንተ ላይ ሐቅ አለው ብሎ አሳሰበው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። አቡ ደርዳእ ክፉ ባል አልነበረም፤ ሌሊቱን በሶላት፣ ቀኑን በጾም የሚያሳልፍ ሰው ነበር። የእኛ ዘመን ባል ደግሞ በአብዛኛው የሚጠፋው በሥራና በወዳጅ ነው። ቤት የቀረችው ሴት ግን ምክንያቱ ቢለያይም መቅረቷ አንድ ነው።

ከተመለሱ በኋላ

የጉዞው ዋጋ የሚታወቀው እሑድ ማታ አይደለም፤ ከወር በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ገበያው ይጠብቃል፣ ዘይቱም አልቋል። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ከመነሣታችሁ በፊት አንዲት ነገር ብቻ ተስማሙ። ብዙ ቃል የገባ ብዙ ያፈርሳል። ለምሳሌ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ተዘግቶ፣ ሻይ ተፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ግማሽ ሰዓት ትቀመጡ። ሻዩን እርሱ ያፍላ። ስለ ልጅ፣ ስለ ኪራይና ስለ ዘይት በዚያች ግማሽ ሰዓት አይነሣ። ይህች ልማድ ከጸናች ባሕሩ ቤታችሁ ድረስ መጣ ማለት ነው። ካልጸናች ግን ጅቡቲም ሆነ ዛንዚባር ብትሄዱ የምታመጡት ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ወጣት አንባብያን፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። አባትና እናታችሁ ብቻቸውን ሁለት ቀን ለማረፍ ቢያስቡ አትሣቁባቸው፤ «እኛ ታናናሾቻችንን እንይዛለን፣ ሂዱ» በሏቸው። ለወላጅ ከሚዋል በጎ ሥራ አንዱ ይህ ነው። ነገ እናንተም ትዳር ስትይዙ፣ ለሠርጋችሁ ቀን ከምታወጡት ገንዘብ ጥቂት ቀንሳችሁ ለ10ኛው ዓመት አስቀምጡ። የሠርጉን ድግስ እንግዳ በልቶት ይሄዳል። የ10ኛው ዓመት ሁለት ቀን ግን የሁለታችሁ ናት።

አላህ በየቤታችን ፍቅርንና ርኅራኄን ያጽና፤ ደርቆ የነበረውንም ያርጥብልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።